የእንግሊዝ የገጠር አጥቢያ በማን እጅ ቆመ?



የዛሬው መርሐ ግብር አዘጋጆች ስለምንኖርበት አገር ሕዝብ እንድናገር ሲጋብዙኝ ርዕሱን ለእኔው ተዉልኝ። ስለ ለንደን እንዳልናገር፣ ከእኔ አብልጣችሁ የምታውቋት እዚህ ሞልታችኋል። ስለ ፓርላማውና ስለ ንጉሡ ቤት ቴሌቪዥኑ ጧት ማታ ይነግረናል። ስለዚህ ከባቡር መስኮት እያየን የምናልፈውን ነገር መረጥሁ። ከከተማ ወጣ ስትሉ፣ በእርሻው መካከል፣ ዛፍ የከበበው የድንጋይ ግንብ ብቅ ይላል። ጥቂት እንደሄዳችሁ ሌላ ይከተላል፤ ከዚያም ሌላ። የገጠር አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። ዛሬ ማታ የምናገረው ስለ እነርሱና በዙሪያቸው ስለሚኖረው ሕዝብ ነው።

ጥያቄዬ አንድ ነው። እነዚህን አጥቢያዎች 800 እና 900 ዓመት ያቆማቸው ማን ነው? መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁና በምሳሌ ላስረዳ። ያቆማቸው ሥራውን የተካፈለው የመንደሩ ሰው ነው። ንጉሡም፣ ጳጳሱም፣ ባላባቱም የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። ነገር ግን ጣሪያውን ያደሱት፣ ደወሉን የደወሉት፣ ሒሳቡን የያዙት፣ ድኻውን የቀበሩት ገበሬውና አንጥረኛው፣ ባልቴቷና ልጃገረዷ ናቸው። ሥራው የሁሉም በሆነበት ዘመን አጥቢያው ጸና፤ የጥቂቶች በሆነበት ዘመን ሕዝቡ ጥሎት ወጣ። ይህን ደጋግሜ ስለምለው ታገሡኝ። ዓመቶቹን፣ ወሮቹንና ቀኖቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ከአጥቢያው ጋር እንተዋወቅ። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ዛሬ 12,500 ያህል አጥቢያዎችና 16,000 ያህል አብያተ ክርስቲያናት አሏት፤ ከሕንፃዎቹ የሚበዙት በገጠር ናቸው። አገሪቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአጥቢያ ተሸንሽናለች። ወሰኑ በአመዛኙ በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዓመት የተካለለ ነው፤ ከወንዙ እስከ ጉብታው፣ ከጥሻው እስከ አሮጌው ዛፍ። በዚያ ወሰን ውስጥ የሚኖር ሁሉ የዚያ አጥቢያ ሰው ነው። ቢያስቀድስ ባያስቀድስ፣ ሃይማኖቱ ሌላ ቢሆን፣ ወይም ጭራሹን ባያምን፣ ቄሱ እርሱንም እንዲጠብቅ ተሹሟል። ዛሬም ነዋሪው በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ ጋብቻውን የመፈጸም፣ የመቃብሩ ስፍራ ካልሞላና ካልተዘጋም በቅጥሩ ውስጥ የመቀበር መብት በሕግ አለው።

ካርታ በሌለበት ዘመን ወሰኑ የሚቀመጠው በሰው ልብ ነበር። ከዕርገት በዓል በፊት ባሉት ቀናት ቄሱ፣ ሽማግሌዎቹና ልጆቹ ተሰልፈው አጥቢያውን ይዞራሉ። በየወሰኑ ቆመው ለአዝመራው ይጸልያሉ። ልጆቹ የወሰኑን ድንጋይ በዘንግ ይመታሉ። አንዳንድ ቦታማ ልጁን ራሱን አንሥተው ከድንጋዩ ጋር ያጋጩት ነበር፤ ከ60 ዓመት በኋላ የወሰን ክርክር ቢነሣ ቦታውን ሳይረሳ እንዲመሰክር ነው። ይህን ዙረት ዛሬም የማያስታጉሉ መንደሮች አሉ።

ገበሬው ለቤተ ክርስቲያን አሥራት ይከፍላል። ከእህሉ፣ ከግልገሉ፣ ከወተቱ፣ ከእንቁላሉ ሳይቀር ከአሥር አንድ። በ10ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ኤድጋር አሥራትን በሕግ አስገደደ። በ1836 በወጣ ሕግ በዓይነት የሚከፈለው ወደ ገንዘብ ተለወጠ፤ በ1936 ያም ቀረ። ቄሱ ከአሥራቱ ሌላ የሚያርሰው ወይም የሚያከራየው የሰሞን መሬት ነበረው፤ ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያሻኝም። በ1538 ደግሞ የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ሹም ቶማስ ክሮምዌል በየአጥቢያው ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር በመዝገብ እንዲጻፍ አዘዘ። ዛሬ የዘር ሐረጉን የሚፈልግ እንግሊዛዊ ያንን መዝገብ ይገልጣል። ስማቸው ሌላ ቦታ ተጽፎ የማያውቅ እረኞችና አገልጋዮች እዚያ አሉ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥቤ ልግባ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን፤ ስለ ተራ ሰው ይህን ያህል የሚናገር መዝገብ ብዙ አይገኝምና። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዴቨን፣ በኤክስሙር ደጋ ጥግ ሞርባዝ የምትባል መንደር አለች። በ16ኛው መቶ ዓመት 33 ቤተሰብ ይኖርባት ነበር፤ ኑሯቸው ከበግ ጋር የተሳሰረ ድኾች ናቸው። በ1520 ክሪስቶፈር ትሪኪ የሚባል ቄስ መጣላቸው። እስከ ሞተበት እስከ 1574 ድረስ፣ 54 ዓመት፣ ከእነርሱ አልተለየም። ይህ ቄስ የአጥቢያዋን ሒሳብ በየዓመቱ በእጁ ይጽፍ ነበር። ሒሳቡም በሕዝቡ ፊት ጮክ ብሎ ይነበባል። መዝገቡ ከጥፋት ተርፏል። ታሪክ ጸሐፊው ኢመን ደፊ በ2001 ባሳተሙት መጽሐፍ የዚያችን መንደር ኑሮ ከዚያ ሒሳብ ውስጥ አውጥተው አሳዩን።

አሠራራቸውን ተመልከቱ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ለእመቤታችን፣ ለኤክሰተር ከተማዋ ሰማዕት ለቅድስት ሲድዌል፣ ለሌሎችም፣ በየምስላቸው ፊት የሚበራውን መብራት የሚያስቀጥል የተለየ የጋራ ገንዘብ ነበራቸው። ወጣት ወንዶች የራሳቸው ገንዘብ አላቸው፤ ልጃገረዶች የራሳቸው። እያንዳንዱን የሚጠብቁ ተጠሪዎች በየዓመቱ ይሾማሉ፤ ሴቶችም ይሾሙ ነበር። በ33 ቤተሰብ መንደር ይህን ያህል ተጠሪ ካለ፣ በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ ኃላፊነት ሳይነካው የሚያልፍ ሰው ጥቂት ነው።

ከሁሉ የሚገርመው የበጎቹ ነገር ነው። የቤተ ክርስቲያኗ በጎች ለብቻቸው አይሰማሩም። አንዱ ቤት አንዷን፣ ሌላው ቤት ሌላዋን ተቀብሎ ከራሱ በጎች ጋር ያግዳል። ሲሸለቱ ሱፉ ይሸጥና ለሰሙ፣ ለጣሪያው፣ ለአልባሳቱ ይውላል። በግ ከሞተች ወይም ከጠፋች በሒሳቡ ቀን በሁሉ ፊት ይነገራል። እንግዲህ አስቡት። ገንዘብ የሌለው ሰው ምን ይሰጣል? የእመቤታችንን በግ ያግዳል። ሰኞና ማክሰኞ በሜዳ ላይ ቤተ ክርስቲያን ከእርሱ ጋር ናት። በዓመቱ የድግስ ጊዜ ደግሞ በቤተ ክርስቲያኗ የጋራ ቤት ቢራ ተጠምቆ መንደሩ ሁሉ ይጠጣል፤ ይከፍላል፤ ትርፉ ገቢ ይሆናል።

ጠብ አልነበረም ወይ? ነበረ። ቄሱን በቅዳሴ ለሚያግዘው አገልጋይ ደመወዝ ማን ምን ያህል ያዋጣ በሚል በ1530ዎቹ ለዓመታት ተጨቃጭቀዋል። በመጨረሻ የፈቱት ሁሉም እሺ የሚልበትን ስምምነት ፈልገው ነው። በአንድ ሰው እምቢታ ሥራው ሊቆም እንደሚችል ስለሚያውቁ ያ አንድ ሰው እስኪስማማ ይታገሣሉ። በየአጥቢያችን ስብሰባ ስንት ጊዜ ይህ ትዕግሥት እንደጎደለን እናንተ ታውቃላችሁ።

ቄስ ትሪኪ አንድ ምኞት ነበረው፤ ለፍትሐት የሚለበስ ጥቁር ልብሰ ተክህኖ። ድኻ አጥቢያ በአንድ ጊዜ አትችለውም። ቄሱ ከቤተ ክርስቲያኗ በጎች ሱፍ የሚደርሰውን አሥራት ተወ፤ ከሰዎች ስጦታ ጥቂት ጥቂት ተጨመረበት፤ 20 ዓመት ያህል ተጠራቀመና ልብሱ በ1547 ተገዛ። ሄንሪ ስምንተኛ የሞተው በዚያው ዓመት ነው። የልጁ የኤድዋርድ መንግሥት ብዙም ሳይቆይ ስለ ሙታን የሚደረገውን ጸሎት ከአምልኮው አስወጣ። ምስሎቹ ወረዱ፤ መብራቶቹ ጠፉ፤ በጎቹ ተሸጡ፤ የወጣቶቹና የልጃገረዶቹ ገንዘብ ፈረሰ። በ1549 አዲሱ የእንግሊዝኛ ጸሎት መጽሐፍ በአዋጅ ሲታዘዝ ምዕራቡ አገር ዐመፀ። ሞርባዝም አምስት ወጣቶችን አስታጥቃ፣ ስንቅ ሰጥታ፣ በኤክሰተር ደጃፍ ወደ ሰፈሩት ዐመፀኞች ላከች። ዐመፁ በደም ተደመሰሰ። በ1553 ንግሥት ሜሪ ነግሣ አሮጌውን የካቶሊክ ሥርዓት ስትመልስ ሰዎቹ በየቤታቸው የደበቁትን ልብስና ዕቃ ይዘው መጡ። ከአምስት ዓመት በኋላ ኤልሳቤጥ ነገሠች፤ ያም ዳግመኛ ቀረ።

ከሁለቱ ሥርዓቶች የትኛው ቀና ነበር የሚለውን ለሊቃውንቱ እተዋለሁ። እኔን የሚያሳዝነኝ የበጎቹ መሸጥ ነው። ከዚያ በኋላም ሰው እሑድ እሑድ ይመጣ ነበር፤ ሕጉም ያስገድደዋል። ሰኞ የሚያግደው በግ ግን የለም። በተሾመበት ኃላፊነት ፈንታ የሚሰማው ስብከት ተሰጠው። ሥራው ከብዙ እጅ ወደ ጥቂት እጅ መዞር የጀመረው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛው ነጥቤ ስለ ክፉ ቀን ነው። ኮቪድን ያሳለፍን ሰዎች ስለሆንን ይህን በቀላሉ እንረዳዋለን። በደርቢሺር ተራሮች መካከል ኢም የምትባል መንደር አለች። በ1665 ለንደንን ቸነፈር ሲጨርሳት፣ ከዚያ የመጣ ጨርቅ በኢም ለሚኖር ልብስ ሰፊ ደረሰ። ሠራተኛው ጆርጅ ቪካርስ በመስከረም ሞተ። ሞቱ በየቤቱ ገባ።

የአጥቢያው ቄስ ዊልያም ሞምፔሰን ወጣትና ለአገሩ አዲስ ነበር፤ ሕዝቡ ገና አላመነውም። ሕዝቡ የሚወደው ከእርሱ በፊት የነበረውን ቶማስ ስታንሊን ነው። ስታንሊ በ1662ቱ ሕግ የታዘዘውን የጸሎት መጽሐፍ አልቀበልም በማለቱ ከሥልጣኑ የተነሣ ሰው ነበር። ሁለቱ በሃይማኖት ጉዳይ ተቃራኒ ናቸው። በ1666 ሰኔ ግን አብረው ሕዝቡን አማከሩ፤ ሦስት ነገርም ተወሰነ። ሟቹን የሚቀብር የገዛ ቤተሰቡ ነው። ጸሎቱ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ መሆኑ ቀርቶ በሸለቆው ሜዳ ላይ፣ ቤተሰብ ከቤተሰብ ተራርቆ ይደረጋል። ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ነው፤ ከመንደሩ ወሰን ማንም አይወጣም፤ በሽታው ወደ ጎረቤት አጥቢያዎች እንዳይሻገር። የዴቨንሺር ኧርልና በዙሪያው ያሉ መንደሮች ምግብ ወሰኑ ላይ ያስቀምጣሉ፤ የኢም ሰዎች ገንዘቡን በድንጋዩ ላይ በተፈለፈለ ጉድጓድ፣ ሆምጣጤ ውስጥ ነክረው ይተዋሉ። የመንደሩ ሰው ልጅ ሳለ በዘንግ የመታው የወሰን ድንጋይ አሁን የማይሻገረው ሆነ።

260 ያህል ሰው አለቀ። ኤልሳቤጥ ሃንኮክ የምትባል ሴት በስምንት ቀን ውስጥ ባሏንና ስድስት ልጆቿን በገዛ እጇ ቀበረች። የቄሱ ሚስት ካትሪን በነሐሴ ሞተች። እውነቱን ሁሉ ለመናገር፣ አንዳንድ ባለጸጎች አስቀድመው ወጥተው ነበር፤ ሞምፔሰንም ልጆቹን አስቀድሞ አሽሽቷል። በመንደሩ የቀረው ድኻው ነው፤ ውሳኔውን የፈጸመውም እርሱ ነው። ጠባቂ ወታደር አልነበረባቸውም። የሚተማመኑበት ሰው እንዲነግራቸው ያስፈልግ ነበር፤ ለዚህም ሁለቱ ቄሶች ቂማቸውን ጥለው አንድ ላይ መቆም ነበረባቸው። ዛሬም በየዓመቱ በነሐሴ የመጨረሻ እሑድ ኢም ያንን ታስባለች።

አራተኛው ነጥቤ መራራ ነው፤ ላልፈው ግን አልችልም። የአገሩን ሰው አክብረን ታሪኩን ስናነብ ጥፋቱንም ማንበብ አለብን።

በ1601 የወጣው ሕግ ድኻን የመርዳት ኃላፊነት በአጥቢያው ላይ ጣለ። ከነዋሪው ግብር ተሰብስቦ ለሽማግሌ፣ ለባልቴትና ለወላጅ አልባ ልጅ ይሰጣል። በዘመኑ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን በ1662 ስለ ድኾች ሌላ ሕግ ተከተለ፤ አንዱ አጥቢያ የሌላውን ድኻ ወደመጣበት እንዲመልስ ፈቀደ። ነፍሰ ጡር ሴቶች ልጁ በዚያ ተወልዶ የአጥቢያው ዕዳ እንዳይሆን በቶሎ ከወሰን ይሸኙ ነበር። ያ ለአዝመራው የተጸለየበት ወሰን ድኻ የሚባረርበት ሆነ። በ1834 ደግሞ አጥቢያዎች ተጠቃልለው ድኻው ወደ ግዞት መሰል የድኾች ቤት እንዲገባ ተደረገ።

በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት የጋራው ግጦሽ በአዋጅ እየታጠረ ለባለርስቶች ዞረ። ባላባቱና ቄሱ ብዙ ጊዜ የአንድ ማዕድ ሰዎች ነበሩ። በብዙ አጥቢያ ቄሱን የሚመርጠው ባላባቱ ነው፤ ቄሱም አንዳንዴ የባላባቱ ወንድም ወይም ልጅ ይሆናል። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ባላባቱ የታጠረ የራሱ መቀመጫ አለው፤ የቀን ሠራተኛው ከኋላ ይቀመጣል። በዎሪክሺር፣ በባርፎርድ የተወለደው ጆሴፍ አርች ሕፃን ሳለ በቁልፍ ቀዳዳ አሾልቆ የቁርባኑን ሥርዓት እንዳየ ጽፏል። መጀመሪያ ባላባቱ ቀረበ፤ ቀጥሎ ገበሬዎቹ፤ ቀጥሎ ነጋዴዎቹና ባለ እጆቹ፤ ከሁሉ በኋላ የእርሻ ሠራተኞቹ። አባቱም ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነበር። በአንዱ ጽዋ ፊት ሰው በሀብቱ ተሰለፈ። ልጁ አልረሳውም። አድጎ ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የተለዩት የሜቶዲስቶች ሰባኪ ሆነ፤ በ1872 የእርሻ ሠራተኞችን ማኅበር መሠረተ፤ በ1885 ፓርላማ ገባ።

በዶርሴት፣ በቶልፑድል የሆነውንም ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። የሳምንት ደመወዛቸው ከዘጠኝ ሺሊንግ ወደ ሰባት ወርዶ ወደ ስድስት ሊወርድ ሲል፣ ስድስት የእርሻ ሠራተኞች በማኅበር ተማማሉ። በ1834 በዚያ መሐላ ምክንያት ሰባት ዓመት ተፈርዶባቸው ወደ አውስትራሊያ ተጋዙ። መሪያቸው ጆርጅ ላቭለስ የሜቶዲስት ሰባኪ ነበር። የአጥቢያው ቄስ ቀድሞ ከአሠሪዎቹ ጋር ላደረጉት ስምምነት ምስክር ሆኖ ሳለ በኋላ እንደካዳቸው ላቭለስ ጽፏል። በሁለት ዓመት ውስጥ በሕዝብ ጩኸት ምሕረት ተደረገላቸው።

እንደ አርችና እንደ ላቭለስ ያሉ ሰዎች ለምን ሜቶዲስት ሆኑ? ስለ ትምህርተ ሃይማኖት ብዙ መባል ይችላል። ለእኔ ግን ምክንያቱ አንድ መንደርተኛ በሜቶዲስቶቹ ትንሽ የጸሎት ቤት ሥራ ማግኘቱ ነው። ይሰብካል፣ ገንዘብ ይይዛል፣ ስብሰባ ይመራል፣ ልጆች ያስተምራል። ከሞርባዝ የተወሰደው በግ በሌላ በር ተመልሶ መጣለት። በ1851 መንግሥት በአንድ እሑድ የአምልኮ ቤቶችን ሁሉ ሲቆጥር፣ ከተገኘው ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ሲያመልክ ተገኘ። ሥራው የጥቂቶች በሆነበት ሕዝቡ ጥሎ ወጣ ያልኋችሁ ይህን ነው።

አሁን ወደ ዛሬው ልምጣ። በ1894 የመንደሩ ዓለማዊ ጉዳይ፣ መንገዱና የጋራ መሬቱ፣ ለተመራጭ የአጥቢያ ምክር ቤት ተላለፈ። ቤተ ክርስቲያኗ ከ1920ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የራሷ የሰበካ ጉባኤ አላት። ቸርችዋርደን የሚባሉ ሁለት ምእመናን በየዓመቱ ይመረጣሉ፤ የገበዝን ያህል የንዋየ ቅድሳቱና የሕንፃው አደራ ያለባቸው ናቸው፤ ደመወዝ የላቸውም። ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ንጉሡ የቤተ ክርስቲያኗ የበላይ ገዥ ቢባልም መንግሥት ለቄሶች ደመወዝ አይከፍልም። የጣሪያውም ዕዳ በአጥቢያው ጫንቃ ላይ ነው። ከአገሪቱ በአንደኛ ደረጃ ከተመዘገቡት ቅርሶች ግማሽ የሚጠጉት የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። ይህን የአገር ሀብት በየመንደሩ የሚጠብቁት ዕድሜያቸው የገፋ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ጣሪያው የለበሰውን እርሳስ ሌባ በሌሊት ገፎ ይሄዳል፤ ዝናብ ይገባል፤ እነዚያ ሽማግሌዎች እንደገና ኬክ ጋግረው፣ ያገለገለ ልብስና መጽሐፍ ዘርግተው፣ የአበባ ችግኝ ሸጠው ይሰበስባሉ። በበጋ በአረንጓዴ ሜዳ ላይ ድንኳንና ሻይ ያለበት የመንደር ባዛር ስታዩ ዝም ብሎ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ጣሪያ እያለበሱ ነው።

ቄሱስ? በ1976 በወጣ ሕግ የየአጥቢያው የሰሞን መሬት ወደ ሀገረ ስብከቱ ተዛወረ። ሰፊው የቄስ ቤት በየቦታው ተሸጧል፤ በሩ ላይ ‹‹አሮጌው የቄስ ቤት›› የሚል ስም የተጻፈበት የሀብታም መኖሪያ ሆኗል። ዛሬ አንድ ቄስ አምስት፣ ስምንት፣ አንዳንዴ ከአሥር በላይ መንደር ይይዛል። ከ1994 ወዲህ ሴቶችም ስለሚካኑ በብዙ የገጠር አጥቢያ አገልጋይዋ ሴት ናት። እሑድ ጧት በአንዱ ቀድሳ በመኪና ወደ ሌላው ትሮጣለች። የሚጠብቋት አሥር ወይም አሥራ አምስት ሰዎች ናቸው። በ1990 የወጣው የሊቃነ ጳጳሳቱ ኮሚሽን የገጠር ጥናት ይህን ድካም አስቀድሞ አሳይቷል። አውቶቡሱ ቀረ፤ ፖስታ ቤቱ ተዘጋ፤ ትምህርት ቤቱ ልጅ አጣ። የከተማ ሰው ለዕረፍት ጊዜው ቤት እየገዛ የመንደሩ ወጣት የሚገዛው አጣ። ቤተ ክርስቲያኗ ብቻዋን አልደከመችም።

ያም ሆኖ በሕይወት የሚኖር ነገር አለ። ደወሉን ውሰዱ። የእንግሊዝ ደወል አደዋወል የራሱ ጥበብ ነው። እያንዳንዱን ደወል አንድ ሰው በገመድ ይይዛል፤ ቅደም ተከተሉን ሳይደግሙ በሕግ እየለዋወጡ ይደውላሉ። በስድስት ደወል 720 ዓይነት ቅደም ተከተል ይወጣል፤ በሰባት ደወል 5,040፤ ይህን ለመጨረስ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። አንዱ ቢሳሳት ሁሉም ይበላሻል። ከደዋዮቹ መካከል የማያምኑ ብዙ ናቸው፤ ማንም ሃይማኖታቸውን አይጠይቅም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ከሰኔ 1940 ጀምሮ፣ ጠላት በወረራ ቢመጣ ብቻ እንዲደወል ታዝዞ አገሪቱ ሁሉ ዝም አለች። በኅዳር 15 ቀን 1942 ለኤል አላሜን ድል ሲደወል የሰሙ ሰዎች እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ያወሩት ነበር።

የመከሩንም በዓል ውሰዱ። በ1843 በኮርንዎል ዳርቻ፣ በሞርወንስቶ፣ ሮበርት ሆከር የተባለ ቄስ ከአዲሱ እህል በተጋገረ ኅብስት ለማመስገን አጥቢያውን ጠራ። ይህ ሆከር ማዕበል የሰበራቸውን መርከቦች ሙታን ከባሕሩ ዳር ሰብስቦ በክብር የሚቀብር ሰው ነበር፤ ስማቸውንም ሆነ አገራቸውን አይጠይቅም። ልማዱ በመላው አገር ተስፋፋ። ዛሬ በመከር እሑድ የሚመጣው የታሸገ ምግብና ፓስታ ወደ ችግረኞች ማከፋፈያ ይሄዳል። ድኻውን ከወሰን ያባርር የነበረው አጥቢያ ዛሬ ይህን ሲያደርግ ሳይ ደስ ይለኛል።

በሄርፎርድሺር፣ በያርፖል፣ የመንደሩ ሱቅ ሊጠፋ ሲል ሱቁንና ፖስታ ቤቱን ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አስገቡ። አንዳንዶቻችን ይህ ይከብደናል፤ ቅድስና ያለበት ስፍራ ነውና። ለእኛ ሥርዓት እንደማይሆን አውቃለሁ። የእነርሱን ምክንያት ግን ስሙ። ባልቴቷ ወተት ልትገዛ ስትመጣ ሰው ታገኛለች፤ በሩ በሳምንቱ ቀን ክፍት ይሆናል። በ350 ያህል ቦታ ሌላ መንገድ ተይዟል፤ የማይቀደስባቸውን አብያተ ክርስቲያናት አንድ ድርጅት ተረክቦ ይጠብቃል። ድንጋዩ ይድናል። እኔ ግን ሱቅ የገባበትን እመርጣለሁ፤ እዚያ የሚሠራ እጅ አለና።

ከእኛም ብዙዎች በከተሞች የምንቀድሰው ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን በተዋስነው ወይም በተከራየነው ሕንፃ ነው። ቁልፉን የሰጠን ቸርችዋርደን፣ ማሞቂያውን ቀድሞ የሚያበራልን ሰው፣ ከዚህ የነገርኋችሁ ታሪክ የመጣ ነው። ከሰላምታ አልፈን ስለ ጣሪያው ብንጠይቀው ብዙ ይነግረናል።

ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ገጠር ስትወጡ ገብታችሁ እዩ። ብዙዎቹ ቀን ቀን አይቆለፉም። በግድግዳው ላይ ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ያገለገሉት ቄሶች ስም በቅደም ተከተል ተጽፎ ታገኛላችሁ። ከበሩ አጠገብ ደግሞ የወሩ ተራ ዝርዝር ይለጠፋል፤ ማን ያጸዳል፣ ማን አበባ ያኖራል፣ ማን ያነባል። እኔ ሁልጊዜ የማነበው ሁለተኛውን ነው፤ ያለው ስም ስንት እንደሆነ ካየሁ የአጥቢያውን ጤንነት አውቃለሁ።

በትንንሽ ከተሞችና በገጠር የምትኖሩ ደግሞ፣ በአካባቢው የመራጮች መዝገብ ላይ ስማችሁ ካለ፣ ቸርችዋርደኖቹን ለመምረጥ ድምፅ አላችሁ። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን አባል መሆን አያስፈልግም፤ በአጥቢያው ውስጥ መኖር ይበቃል። ስብሰባው በጸደይ ይደረጋል፤ ቀኑ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ይለጠፋል። ሂዱ።